ሁለተኛ ስሜ የማን ነው

አባቴን በነፍሰ ገዳይነት የጠረጠርኩት አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። የጀመረው ከቤት ሥራ ነው።

የአራተኛ ክፍል መምህራችንን «ማን ነገረህ» ነበር የምንለው። ምንም ነገር ብንነግረው፣ ዛሬ ሊዘንብ ነው ብንለው እንኳ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «ማን ነገረህ?» ይላል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «የቤተሰቤ ታሪክ» ብሎ ጻፈና እንዴት እንደሚጀመር አስረዳን። ከራሳችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ፎቶ ስታገኙ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም እዩ። አንዱን ጥያቄ ለሁለት ሰው ለየብቻ አቅርቡ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ማን እንደነገራችሁ ጻፉ።

«ሁለት አፍ ካልተስማማ» አለ በመጨረሻ፣ «አንዱን አጥፍታችሁ አንዱን እንዳታስቀሩ። ሁለቱንም ጻፉ።»

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ እንደ መዥገር ነበርኩ። የዚያኑ ዕለት ደብተሬን ይዤ ወደ አባቴ ሱቅ ወረድኩ።

አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁ ከቤታችን ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ ገና ጥርስ ያላወጡ ቁልፎች በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፣ መሬቱ በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የሰፈሩ ሰው በር ሲቆለፍበት «እሱን ጥሩት» ይላል። አባቴ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይዞ ይሄድና ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ፣ የተቀየመ ሰው እንደሚያባብል ትንሽ ይቆያል፤ በሩም ይከፈታል። በዚህ ችሎታው በጣም እኮራ ነበር። ያልከፈተው በር የለም ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ ጉራዬን እነዛ ነበር።

የአያቶቹን ስም ስጠይቀው ቀና አላለም። ሞረዱን እያስኬደ አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ቆጠረልኝ፤ አንዱንም ሳያስታውስ የቀረ የለም፣ ለአንዱም «ይመስለኛል» አላለም። ልክ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነበር የወረደው። የት እንደተወለደ፣ ልጅ ሆኖ ምን እንደሚጫወት፣ አባቱ ተቆጪ እንደሆነና እንዳልሆነ ስጠይቀው ግን ሞረዱ ቆመ። «እኔ የማውቀው ቁልፍ ነው፤ ታሪኩን አክስትሽን ጠይቂያት» አለኝ።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ፖስታ ቤት ነው የምትሠራው፤ ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የማኅተም ቀለም አለ። አላገባችም። የምትኖረው ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ፣ አያቶቼ ባረፉበት አሮጌ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበር። ደብተሬን ስታይ ደስ ያላት አልመሰለኝም፤ ቢሆንም ሻይ አፈላችልኝና መደርደሪያው ላይ ያለውን ባለ ፍሬም ፎቶ አውርዳ ሰጠችኝ።

አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ሴቷ አያቴ ከጎናቸው ቆመዋል። አክስቴ ጸጉሯን ለሁለት ተጎንጉና የአንድ ትንሽ ልጅ እጅ ይዛለች። ልጁ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ይሆነዋል፤ እግሩ ላይ የሚያበራ አዲስ ጫማ አለ፤ ቀኝ ጉንጩ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ምልክት። በመምህሬ ትእዛዝ ፍሬሙን ከፍቼ ጀርባውን አየሁ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ ከዚያ በአያቴ እጅ ጽሑፍ የአራቱም ስም። አራተኛው የአባቴ ስም ነው።

«አባዬ እኮ እንዲህ ዓይነት ምልክት የለውም» አልኳት።

«ሲያድግ ጠፋ» አለች አክስቴ። ሻዬ ሳያልቅ ብርጭቆውን አነሳችብኝ።

ማታ እራት ላይ ያንኑ ጥያቄ ለአባቴ አቀረብኩ። ምልክትህ የት ሄደ? እናቴን አየት አደረገና «ሐኪም አነሳልኝ፣ ትንሽ ልጅ ሆኜ» አለ። እናቴ ነርስ ናት፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሁለት ሦስት ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም ነበር። ያን ቀን አንድም ነገር ሳትጠይቅ ውሃ ልትቀዳ ተነሳች።

ሁለት አፍ አልተስማማም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ «ጠፋ። የነገረችኝ አክስቴ። ሐኪም አነሳው። የነገረኝ አባቴ።» በዚያ ሳምንት አባቴ ጠዋት ጠዋት ጺሙን ሲላጭ ከኋላው ቆሜ በመስታወቱ ውስጥ ቀኝ ጉንጩን እመረምር ነበር። የተቆረጠ ነገር ጠባሳ እንደሚተው ከእናቴ ሰምቻለሁ። ጠባሳ አልነበረም። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ፈገግ ይላል፤ እኔ ደግሞ ፈገግታውን በልቤ እመዘግባለሁ፣ እንደ ማስረጃ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ ከሱቁ ጀርባ፣ ካርቶኖቹ በተደረደሩበት ጥግ ተቀምጬ የሂሳብ ሥራዬን እሠራ ነበር። አክስቴ የመሥሪያ ቤት ካፖርቷን እንደለበሰች ገባች። እኔን አላየችኝም። አባቴም እዚያ መሆኔን የረሳ ይመስለኛል።

«የምልክቱን ነገር ጠየቀችህ?»

«ጠየቀችኝ። ሐኪም አነሳው አልኳት።»

«እኔ ጠፋ ብያታለሁ እኮ» አለች።

አባቴ በአፍንጫው ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ደጅ ላይ የሚጠብቅ ደንበኛ ስለነበረ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑን አስነሳው። ያ ማሽን ሲጮህ ጥርስ ያማል። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ብጥስጣሹን ነው። አባቴ፦ «…ስሙን ወሰድኩበት፣ አልጋውን ወሰድኩበት፣ ጫማውን ሳይቀር…» ማሽኑ ጮኸ። አክስቴ እያለቀሰች፦ «…ወንዙ ጋ እጁን የለቀቅ…» ማሽኑ እንደገና ጮኸ።

የቋንቋችን ነገር እንዲህ ነው፤ ግሱ ባለቤቱን የሚሸከመው ጭራው ላይ ነው። የለቀቅኩት ትበል የለቀቅከው፣ ማሽኑ ጭራውን በላብኝ። እኔም በገዛ እጄ ቀጠልኩለት። «የለቀቅከው» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም «በጆሮዬ የሰማሁት» ብዬ አሰመርኩበት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የአያቶቼ እውነተኛ ልጅ ጉንጩ ላይ ምልክት ያለበት ልጅ ነው። አባቴ የሚባለው ሰው ወንዝ ውስጥ ጨመረው፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ስሙን ያዘ፣ አልጋው ላይ ተኛ። አክስቴ ታውቃለች፤ ስለምትፈራው ትደብቅለታለች፤ ያላገባችውም በዚሁ ነው። እናቴ የምታውቀው ነገር እንዳለ ገና አላረጋገጥኩም። ያልከፈተው በር የለም የምለውን ጉራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩት።

ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ወንዙን የምንሻገርበት ጠባብ የእግረኛ ድልድይ አለ። አባቴ በየጠዋቱ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እጄን ይዞ ያሻግረኝ ነበር። በማግስቱ እጆቼን የሹራቤ እጅጌ ውስጥ ከተትኳቸው። «በርዶሽ ነው?» አለኝ፤ አዎ አልኩ። ከፊቱ ብሄድ ከኋላ ይገፋኛል፤ ከኋላው ብሄድ ዞር ብሎ ይይዘኛል። አስቤ አስቤ ከኋላው፣ አራት እርምጃ ርቄ መሄድ ይሻላል አልኩ። አባቴ ድልድዩን ሲጨርስ ዞር ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔ እሱ እስኪንቀሳቀስ መሃል ላይ እቆማለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን ምንም ሳይለኝ ከድልድዩ ወዲህ ቀረ፤ ተሻግሬ የትምህርት ቤቱን አጥር እስክጠጋ ከዚያ ማዶ ቆሞ አየኝ። ያን ጊዜ «ሊይዘኝ ስላልቻለ ተናዷል» ነበር ያልኩት።

ከእጁም አልቀበልም ነበር፤ ዳቦ ሲያቀብለኝ ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጠው እጠብቃለሁ። የክፍሌን በር በቁልፍ ብቆልፈው ጥቅም የለውም፣ ቁልፉን የሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ስተኛ የልብስ ሳጥኔን ገፍቼ በሩ ላይ አስደግፋለሁ፣ በላዩም ወንበር እጭንበታለሁ። እናቴ ከሌሊት ተረኛነቷ ስትመለስ ጠዋት ልትቀሰቅሰኝ መጥታ በሩ አልገፋ ሲላት ተቆጣች። አባቴ ግን ከበስተኋላዋ ቆሞ ሳጥኑ ወለሉ ላይ የጫረውን መስመር ሲያይ አየሁት።

ቅዳሜ ደብተሬን ሱቅ ውስጥ ረሳሁት። ሮጬ ስመለስ እዚያው ነበር፣ ካርቶኑ ላይ፤ ነገር ግን ከፍቼ የተውኩት ተዘግቷል፣ እርሳሴም መሃሉ ገብቷል። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የአባቴ ስም፦ አልታወቀም። አባቴ ነኝ የሚለው ሰው የአያቶቼን ልጅ ወንዝ ውስጥ ከቶ ስሙንና ጫማውን ወስዷል ብዬ እጠረጥራለሁ።» አባቴ ቁልፍ እየሞረደ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ።

ከሰዓት በኋላ መሰርሰሪያና አንድ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ይዞ ክፍሌ መጣ። እኔ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። «ክንድሽን ዘርጊ» አለኝ። ሳልጠጋው ከሩቅ ዘረጋሁ። ቁመቴን በዓይኑ ለክቶ መቀርቀሪያውን በበሩ ውስጠኛ ወገን፣ እጄ በሚደርስበት ላይ ማሰር ጀመረ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው፤ ምላሱ እንዳይንቋቋ ዘይት ጠብ አደረገበት። ሲጨርስ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው።

«ቀርቅሪው» አለኝ ከበሩ ጀርባ።

ቀረቀርኩ። ገፋ ገፋ አደረገው፤ በሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ይሄን ከውጭ የሚከፍት ሰው የለም» አለ። «እኔም ብሆን።»

ኮቴው ሲርቅ ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኩትም። ቁልፍ ሠሪ ራሱ የማይከፍተውን ነገር ለምን ይሠራል? ወንበር ላይ ቆሜ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መረመርኩ፤ የሆነ ድብቅ ቀዳዳ ይኖረዋል ብዬ በጣቴ ዳበስኩት። ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፤ ያን ቀን ያ ሰው የገዛ ልጁን በር በራሱ ላይ ሲዘጋ እንዴት እንደቻለው አይገባኝም። ይሁንና መቀርቀሪያው ቀጥ ያለ ነበር፤ አንዱም ብሎን አልተዛነፈም።

እሑድ ጠዋት አክስቴ አስጠራችኝ። መዝገብ እንደሚያስሞላ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ደብተሬን እንዳወጣ ነገረችኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። ወንድሟ ሰባት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ አምስት። ወንዙ ዳር ሄዱ። ልጁ አዲሱ ጫማ እንዳይርስበት አውልቆ ዳር ላይ አስቀመጠ። ድንጋይ ለድንጋይ ሲሻገሩ እጁን የያዘችው እሷ ነበረች፤ የለቀቀችውም እሷ ናት። ጫማው ዳር ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሴቷ አያቴ ልክ አልሆኑም። ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት በየቀኑ ደጅ ይወጡና የልጁን ስም ይጣራሉ። ጎረቤት መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ ቆይቶ ለመደው። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ተጣሩ፤ ከመንገዱ ማዶ የማንም ያልሆነ አንድ ልጅ «አቤት» አለ። ልጁ «አጎቴ» የሚለው ሰው አውቶቡስ ተራ ላይ «እዚህ ጠብቀኝ» ብሎት ሄዶ ሳይመለስ ሳምንት የሆነው ልጅ ነው። ሴቷ አያቴ እጁን ይዘው አስገቡት፣ አጠቡት፣ አበሉት፣ አልጋው ላይ አስተኙት። በማግስቱም ተጣሩ፤ በማግስቱም አቤት አለ።

ወንዱ አያቴ የልጁን ሰዎች ወር ሙሉ ፈለጉ። የሚጠይቀው ሲጠፋ፣ የሟቹን የልደት ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤት አስመዘገቡት፤ ሞቱን ያስመዘገበ ሰው አልነበረምና። የአያት የቅድመ አያቱን ስም አክስቴ በአንድ ሳምንት አስጠናችው። እናታቸው በሕይወት እስካሉ ለማንም ላይነገር ተማማሉ። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ ዝምታው ቤተኛ ሆኖ ነበር።

«ታዲያ የድሮ ስሙ ማነው?» አልኳት።

አክስቴ ቀለም የነካቸውን ጣቶቿን አየች። «አልጠየቅነውም» አለች።

ሁሉንም ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ያሰፈርኩት አሁንም አለ፦ «የነገረችኝ አክስቴ። ማሳሰቢያ፦ ተማክረው ሊሆን ይችላል።»

አዎ፣ አላመንኳትም። ታሪኩ በጣም ገጠመብኝ። እኔ ደብተሩን ሱቅ ረስቼ አንድ ቀን ሳይሞላው፣ ለጫማውም ለወንዙም ለእጁም መልስ ተገኘላቸው። ሌባና ሌባ ይመሰካከራል አልኩ በሆዴ። መምህሬ ደብተሩን አርሞ ሲመልስልኝ ግርጌው ላይ በቀይ «አባትሽስ ምን አለ?» ብሎ ጽፎ ነበር። አባቴን ግን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። መቀርቀሪያውን በየቀኑ መቀርቀሬን ቀጠልኩ። ስንት ወር እንደሆነ አላስታውስም። ጥርጣሬዬ የሞተበት ቀን የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ታምሜ ተኝቼ ሳለ ነቃ ስል አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያገላብጣል። በሩን መቀርቀር ረስቼ ነበር። ተመልሼ ተኛሁ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር በቤታችን የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

አክስቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። ቤቷን የማጽዳቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። በቁም ሳጥኗ መሳቢያ፣ ከአሮጌ ደረሰኞችና ከፖስታ ቤት የምስጋና ወረቀቶች ሥር፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ደብተር አገኘሁ። በየገጹ አናት በአክስቴ የልጅነት ጽሑፍ የአምስት ትውልድ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ አንድ እርሳስ ጨብጦ የሚጽፍ ልጅ አሥር አሥር ጊዜ ገልብጦታል። ሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ነው፣ ከአንዱ በቀር። እዚያ ላይ ልጁ የተነገረውን ሳይሆን ሌላ ስም ጽፎ ነበር፤ በቀይ እርሳስ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተሰርዞ፣ በላዩ ላይ የሟቹ ልጅ ስም ተጽፎበታል። ከተሰረዘው ውስጥ የሚነበበው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው።

አልጠየቅነውም ብላኝ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ፣ የሰው ልብስ ጭኔ ላይ ከምሬ፣ የሞተች ሴትዮን እንደገና መጠርጠር ጀመርኩ። ሳትጠይቀው የነገራትን ልጅ ዝም አሰኝታው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የእናቷን አቤት ባይ እንዳታጣ የፈራች ልጅ ነበረች ብዬ ልከራከርላት እሞክራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

በዚያው ሳምንት አዲስ ደብተር ገዛሁ። መምህሬ እንዳለው ከራሴ ጀመርኩ፤ ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ የአባት ስም የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። አርባ አምስት ዓመት የተጠራሁበት ሁለተኛ ስሜ ወንዝ ወስዶት የቀረ ልጅ ስም ነው። ሁለቱንም ደብተሮች ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ።

አባቴ አሁን ጆሮው ደክሟል፤ የሚያናግረው ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚያወራ እሱም ይጮኻል። ሱቁን ዘግቶታል፣ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጎረቤት ቁልፍ ይሞርዳል። ገጹን ከፍቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን ፈለገ፣ አጠለቀ፣ ረጅም ጊዜ አየው። የተሰረዘውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«አስቀምጣው ኖሯል» አለ።

ገጹን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትኩት» አለ ቀጥሎ። «ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም።»

ይቅርታ ልለው ነበር፣ ስለ መቀርቀሪያው። አላልኩትም። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና አዲሱን ደብተር ከፈትኩ።

«አባዬ» አልኩት ጮክ ብዬ፣ «ስምህ ማነው?»

«የአባቴን አላውቀውም» አለ። «አጎቴ የሚጠራኝ በአንድ ስም ብቻ ነበር። እሱ ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል።»

ለእናቴ ከመጋባታቸው በፊት ታሪኩን ነግሯት ነበር፤ ስሙን ግን አልነገራትም፣ እሷም ጠይቃው አታውቅም። ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ በሩ ክፍት ነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ደንቆሮ እንደሚናገር ጮክ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚጠራ እስኪመስል፣ ስሙን ተናገረ። ከዚያ በፊት በቤታችን ተሰምቶ የማያውቅ ስም ነበር። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

የዕቃው ድምፅ ቆመ።

«ማነው የመጣው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ወደ በሩ ዞር አለ።

«እኔ ነኝ» አላት።